ባሕር ላይ እናቴን እንደ መንገደኛ ላያችኋት ሁሉ

ለመርከቡ ካፒቴን፣ ለክሊኒኩ ሐኪምና ነርሶች፣ ለካቢንና ለምግብ አዳራሽ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በዚያ ጉዞ አብራችሁን ለነበራችሁ ተሳፋሪዎች በሙሉ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የ81 ዓመት እናቴ በጉዟችን ስድስተኛ ሌሊት ወድቃ ከደረሰባት ጉዳት አገግማ፣ የእጇ ጄሶ ተፈትቶ፣ እንደ ቀድሞው በከዘራዋ ወዲያ ወዲህ ማለት ከጀመረች በኋላ ነው። ቀደም ብዬ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርሷ «ስለ እኔ የሚጻፍ ከሆነ እኔ ሳላነብበው አይወጣም፤ ለማንበብ ደግሞ መጀመሪያ ልዳን» ስላለችኝ ጠበቅሁ። በዚህም ምክንያት እዚህ የሠፈረው ሁሉ በእርሷ እጅ ያለፈ ነው። ሁለት ቦታ ላይ «ምስኪን» የሚለውን ቃል ሰርዛብኛለች።

የሆነውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ያን ሌሊት ባሕሩ ተናውጦ ነበር። መርከቦች ከውኃው በታች በሁለቱም ጎን የሚዘረጓቸው ማረጋጊያ ክንፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዙን በእጅጉ ይቀንሱታል፤ መርከቡ ፊቱን እያነሣ ሲጥል ግን እምብዛም አይረዱም። እናቴ ከመታጠቢያ ክፍሉ ስትወጣ፣ ውኃ ወደ ካቢኑ እንዳያልፍ ከፍ ተደርጎ የተሠራው ደፍ እግሯን ያዘውና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች፤ ግንባሯም ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ሐኪሙን ከስብራቱ ይልቅ ያሳሰባቸው ግን ግንባሯ ነበር፤ ለልብ ምት መዛባት የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ስለምትወስድ፣ ላዩ ትንሽ እብጠት ብቻ ቢመስልም ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላልና በሲቲ ስካን መታየት ነበረባት። ክሊኒኩ ራጅ፣ የልብ መከታተያና አነስተኛ ላቦራቶሪ ነበረው፤ ሲቲ ስካን ግን አልነበረውም። ስለዚህ ካፒቴኑ በማግሥቱ ልንቆምበት የነበረውን ወደብ ትተው፣ ትልቅ ሆስፒታል ወዳለበት ሌላ ወደብ አቅጣጫ ቀየሩ። ከሁለት ሺህ በላይ መንገደኞች ለአንዲት ሴት ሲባል የአንድ ቀን ጉብኝታቸውን አጡ።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለሐኪሙ ነው፤ ምስጋናውም ለሕክምናው ብቻ አይደለም። እናቴ ክሊኒኩ እንደገባች፣ ሕመሙ ከየት ጀመረ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለች፣ ራሷን ስታ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁሉ እኔ ነበርሁ የምመልሰው። ሐኪሙ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ወንበራቸውን ወደ እናቴ አልጋ አዞሩና፣ ለእኔ በትሕትና «ቀሪውን ከእርሳቸው ልስማ» ብለው ከዐይኗ ትይዩ ተቀመጡ። መርከቡ አቅጣጫ ሊቀይር እንደሚችል፣ ሄሊኮፕተር መጥራትም አንድ አማራጭ እንደሆነ፣ ሆኖም በዚያ ነፋስ በሽተኛ አንሥቶ መውሰዱ የራሱ አደጋ እንዳለው፣ ሁኔታዋ እስኪነጋ ይረጋ እንደሆነ በየሰዓቱ እንደሚከታተሉ አንድ በአንድ ነገሯት። እርሷም ጠየቀች። ወደቡ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መድኃኒቱን ዛሬ ሌሊት ልተወው ወይስ ልውሰደው? ልቤና ጭንቅላቴ ሲሻሙ የቱ ይቀድማል? የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቅ ሐኪሙ ፈገግ ብለው ለእርሱ የሚገባውን ያህል ረዥም መልስ ሰጧት። እኔ የመጣሁት ልረዳት ነበር፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ዝም ማለቴ ከንግግሬ ሁሉ የበለጠ እንደረዳት ገባኝ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቴ የጀመረው ከመሳፈራችን በፊት ነው። የጉዞውን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሷን ሳልጠይቅ ዊልቸር ያስፈልጋታል ብዬ ምልክት አደረግሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናትም ያልፈለገችው ወንበር ላይ አስቀምጬ ስገፋት ዋልሁ። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓለም የሚናገረው ከራሱ በላይ ነው። በጉብኝት መሸጫው ጠረጴዛ አንዲት ሠራተኛ፣ እናቴ ከፊቷ ተቀምጣ እያለ፣ «ይህ ጉብኝት ለእርሳቸው አይሆንም፤ ያደክማቸዋል» ስትል የነገረችኝ እኔን ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እናቴ ያን ጊዜ ምንም አላለችም፤ ማታ ግን «እኔ ኖሬ ነበር እንዴ እዚያ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚህ ያወጡን የድንገተኛ ጊዜ ልምምዱን የሚመሩት መኮንን ናቸው። ብዙዎቻችን ያን ልምምድ ዕረፍታችንን የሚሻማ ግዴታ አድርገን እንመለከተዋለን። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት መካከል ልምምዱ ገና ያልደረሳቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ዓለም አቀፉ ደንብ የተሻሻለው። መኮንኑ ሰባቱን አጭርና አንዱን ረዥም የማንቂያ ድምፅ ካስረዱ በኋላ በአደጋ ጊዜ ሊፍት እንደማይሠራ ነገሩን፤ ከዚያም ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው «እርስዎ ስንት ደረጃ መውረድ ይችላሉ? መውጣትስ?» ሲሉ ጠየቋት። «አራት ፎቅ ሳላርፍ እወርዳለሁ፤ ለመውጣት ግን በየፎቁ መተንፈስ አለብኝ» አለች። ይህን ልጇ የሆንሁት እኔ አላውቀውም ነበር። መኮንኑ መልሷን በወረቀታቸው ላይ ጻፉ፤ እርዳታ የሚሹ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቧት፤ ግን ደረጃ ላይ ክንዷን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ እንዲመደብላት እንጂ በወንበር እንድትወሰድ አላደረጉም። ዊልቸሩ በማግሥቱ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሌላም ማመስገን የሚገባኝ ሰው አለ፤ ምስጋናውም ስለከለከሉን ነው። በአራተኛው ቀን መርከቡ ወደብ ውስጥ መግባት ስላልቻለ ከባሕሩ መካከል ቆሞ መንገደኞችን በትንንሽ ጀልባዎች ወደ የብስ ያመላልስ ነበር። ማዕበሉ ጀልባውን ከመሳፈሪያው መድረክ እያነሣ ይጥለው ነበር፤ ማንም ተሸክሞ አያሳፍርም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ እግር መርገጥ አለበት። ኀላፊው እናቴን ወደ ጎን ወስደው ጀልባው ሦስት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ አሳዩዋት፤ «ይህንን ልዩነት በአንድ እርምጃ መሻገር አለብዎት፤ እኔ ዛሬ ለእርስዎ አልፈቅድም፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ከረገበ ራሴ አስጠራዎታለሁ» አሏት። ከሰዓት በኋላ አልረገበም፤ ሆኖም በቃላቸው መሠረት መልእክት ላኩላት። በጉብኝት መሸጫው የተነገረንና ይህ ሁለቱም ክልከላ ናቸው፤ ልዩነታቸውን ግን እናቴ በአንድ ቃል ታስረዳችኋለች። አንደኛው ዕድሜዋን አየ፤ ሁለተኛው ጀልባውን። ከተመለስን በኋላ ሳነብ እንዳየሁት፣ ከአውሮፓ ኅብረት ወደቦች ለሚሳፈሩ መንገደኞች የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ 1177 ቁጥር ደንብም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው፤ የመንቀሳቀስ አቅሙ የተቀነሰ ሰው ሊከለከል የሚችለው በደኅንነት ግዴታ ወይም በመርከቡ ወይም በወደቡ ግንባታ ምክንያት ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜም ምክንያቱ ለራሱ ሊነገረው ይገባል።

ካቢናችንን ያጸዱ የነበሩት ወጣት በየማታው ከዘራዋን ግድግዳ ጥግ ከማቆም ይልቅ የት ብትሆን እጇ እንደሚደርስ ጠይቀው እዚያ ያኖሩላት ነበር። የምግብ አዳራሹ አስተናጋጅ ምርጫዋን ከእኔ ሳይሆን ከእርሷ ይቀበሉ ነበር፤ ለመወሰን ብትዘገይም ይጠብቋታል። ለእነዚህ ሁለቱ ከዚህ በላይ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ተሳፋሪዎቹ። በማግሥቱ ጠዋት ልብሷን ላመጣ ወደ ካቢናችን ስወጣ ሊፍት ውስጥ ሁለት ሰዎች አብረውኝ ነበሩ። አንደኛው «በዚህ ዕድሜ ሰው ቤቱ አይቀመጥም? የሁላችንንም ቀን አበላሹት» አለ፤ ሌላው ሳቀ። ማን መሆኔን አላወቁም። አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ፤ ሆኖም ቀናቸው መበላሸቱ እውነት ነው፤ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ያን ወደብ ለማየት ምናልባት ዓመታት ጠብቀው ይሆናል፤ ስለ ቅሬታቸው አልወቅሳቸውም። የማልቀበለው ምክንያቱን ነው። በዚያው ሌሊት ከክሊኒኩ በር ላይ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ፣ በሩ ጣቶቹን የቀረጠፈው፣ በዚያ ሁሉ ንውጥውጥታ መካከል በስፖርት ክፍሉ መሮጫ ላይ ሲሮጥ የወደቀም ጭምር ነበሩ፤ ሁሉም ከእኔ ያነሱ ወጣቶች ናቸው። ማንም ስለ እነርሱ «ወጣት ቤቱ ይቀመጥ» አላለም። የእነርሱ መውደቅ የባሕሩ ጥፋት ሆነ፤ የእናቴ መውደቅ የዕድሜዋ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሁለት ሰዎች አንዱ በአረጋውያን ላይ በዕድሜ የተመሠረተ አድልዎ ያለበት አመለካከት እንደሚይዝ ገልጾ ነበር፤ ሊፍቷ ውስጥ ከቆምነው ከሦስታችን፣ ቅጹን የሞላሁትን እኔን ጨምራችሁ ስትቆጥሩ፣ ድርሻችን ከዚያም በላይ ነበር።

ነገር ግን ከሊፍቱ የበለጠ የማስታውሰው ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው። ከክሊኒኩ በር ሥር የሚገፉ ትንንሽ ወረቀቶች ይመጡ ጀመር። አንድ ተሳፋሪ «ወደቡ አይሄድም፤ እርስዎ ይዳኑ» ብሎ ጽፏል። አንድ ባልና ሚስት ለጋብቻ በዓላቸው ያዘጋጁትን አበባ ላኩ። ወደብ ስንደርስ እናቴ በቃሬዛ ስትወርድ፣ መውጫው ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ሊቀርጹ ይችሉ ነበር፤ ከፊት የቆሙት አንዲት ሴት ዘወር ብለው ጀርባቸውን ሰጧትና ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያ ሁሉ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ መንገድ ሲለቅ ማየት ለእኔ በቃላት የማልገልጸው አክብሮት ነበር። እናቴ ግን «ምነው ፊታቸውን ባየሁት፤ የማመሰግነውን ሳላውቅ ወረድሁ» ብላለች፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ይህን ካነበቡ የእርሷንም ምስጋና ይቀበሉልኝ።

በሆስፒታሉ ስካኑ ትንሽ የደም መፍሰስ አሳየ፤ በሁለተኛው ስካን እንዳልጨመረ ታየ፤ ቀዶ ሕክምናም አላስፈለጋትም። ካፒቴኑ አቅጣጫ ሳይቀይሩ ቢቀሩ ምን ይሆን ነበር ለሚለው ሐኪሞቹ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

ከመርከቡ ስንለይ የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይህን እናቴ ራሷ ነች ያስጻፈችኝ። ከመውደቋ በፊት በነበሩት ቀናት በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ የመጣ የሄደው ሁሉ የሚቀጣጥለውን ትልቁን የሥዕል መገጣጠሚያ፣ ከአንዲት የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ጋር ትሠራ ነበር። ልጅቷ ጠርዙን፣ እናቴ ሰማዩን ተከፋፍለው ነበር፤ ልጅቷ አንድ ቀን «እርስዎ ዘገምተኛ ነዎት፤ ግን አይሳሳቱም» ብላት እናቴ ይህንን ከሐኪሙ ቃል ሁሉ አብልጣ ትደግመዋለች። ከሆስፒታል ወጥታ ሹራቧ ሲታጠብ ከኪሱ አንድ ሰማያዊ ቁራጭ ተገኘ። በፖስታ ወደ መርከቡ ልከነዋል። ልጅቷ ሰማዩን ጨርሳ አንድ ቀዳዳ ቀርቶባት የፈለገችው ከሆነ፣ የወሰደችው እናቴ መሆኗን እንድታውቅና ይቅርታ እንድታደርግላት ትጠይቃለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ልጇ