የጋዝ ማከማቻ ጉድጓድ ሁለት ግድግዳ ያስፈልገዋል

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ጋዝ ጉድጓዶች ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው ምርትን የሚያሳድገው ቴክኖሎጂ ነው፤ በተለይም አግድም ቁፋሮና ውኃን ከአሸዋ ጋር በከፍተኛ ግፊት አስገብቶ ዓለትን የመሰንጠቅ ዘዴ። አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም ደግፎ ስለሚይዝ፣ ጥብቅ የነበረው ዓለት ጋዙን ይለቃል፤ ጥቅሙን አልክድም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማከማቻው ነው።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የአሊሶ ካንየን ማከማቻ፣ ነዳጁ ተሟጦ በወጣለት የከርሰ ምድር ዓለት ውስጥ ጋዝ መልሶ የሚጨመርበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ የብረት መከለያው (ጉድጓዱን ዙሪያውን የሚሸፍነው ሰፊ ቱቦ) ከውጭ በኩል ዝጎ በጥቅምት 2015 ተቀደደና፣ እስከ የካቲት 2016 ድረስ ወደ 100,000 ቶን የሚጠጋ ሜቴን፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል፣ ወደ አየር ለቀቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ጥለው ለወራት ቆዩ። ጋዙ በውስጠኛው ቱቦ ብቻ ሳይወሰን በመከለያውም ይመላለስ ስለነበር፣ ያ ግድግዳ ሲበሳ ሁለተኛ መከላከያ አልነበረም።

ካሊፎርኒያ ጋዙ በውስጠኛው ቱቦ ብቻ እንዲያልፍና የመከለያው ውፍረት በየጊዜው እንዲለካ ያስገደደችው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። በኦጋዴን የካሉብና የሂላላ ጋዝ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎቻችን የጉድጓዶቹን መከለያ ከመጀመሪያው አንሥቶ በመደበኛነት እንዲለኩና ውጤቱን ለአካባቢው ነዋሪዎች እንዲያሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።