የበራውን ቁጠሩልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለገጠር ሶላር መብራት ጥገናና መለዋወጫ ትኩረት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣ ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። የእኛ አገር ቤት ጉራጌ ነው፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ። ደመራው በተለኮሰ ማግስት ምሽት፣ ጀፎረው (የመንደሩ ሰፊ የሣር መንገድ) ዳር ወዳለ አንድ ጎረቤት ቤት ጎራ አልኩ። ከቤቱ ጎን በቆመ እንጨት ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ጓደኞቼ ያሰርነው የሶላር ፓኔል አለ። ውስጥ ስገባ ግን የሚበራው ኩራዝ ነው። አምፖላችን እንደተንጠለጠለ ጥላሸት ለብሷል። ባትሪው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ የበግ ቆዳ ጣል ተደርጎበት የልጅ መቀመጫ ሆኗል።

የቤቱ እመቤት አልወቀሱኝም። «ልጄ፣ መብራታችሁ ደግ ነበር፤ ሦስት መስቀል አበራልን» አሉኝና ክትፎውን አቀረቡ። የቀረበልኝ እህል አልዋጥልህ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዤ ተመለስኩ። ፓኔሉን ስለካው 20 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ደህና ነው፣ ገና ሃያ ዓመት ሊሠራ ይችላል። ባትሪው ግን ከ12 በላይ ማሳየት ሲገባው 7 ላይ ቆሟል። የሆነውን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። የቤቱ ትልቁ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊወስድ ሌሊት ሲያጠና፣ የባትሪው ኃይል ዝቅ ባለ ቁጥር ኮንትሮለሩ (በፓኔሉ፣ በባትሪውና በአምፖሉ መካከል ያለው መቆጣጠሪያ ሳጥን) መብራቱን ይቆርጥበታል። ልጁም ኮንትሮለሩን አልፎ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። መብራቱ በራለት፣ ፈተናውንም አለፈ፤ ባትሪው ግን እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ሞተ። በዚህ ላይ ፓኔሉን ስንተክል ከወገብ የማይበልጥ የነበረው ባሕር ዛፍ አሁን ከቤቱ በላይ አድጎ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐዩን ይጋርዳል።

ልጁን አልወቅሰውም። ኮንትሮለሩ የሚቆርጠው ባትሪውን ለማዳን እንደሆነ ማንም በቅጡ አላስረዳውም። ማስረዳት የነበረብን እኛ ነን።

ማኅበራችን የአካባቢው ተወላጆች የመሠረትነው አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ነግደን የምንኖር ነን። ጉራጌ በመዋጮ መንገድ ያወጣ ሕዝብ ነው፤ አባቶቻችን በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ካላቸው ላይ እያዋጡ፣ መኪና ደርሶበት የማያውቀውን አገር ከከተማ አገናኝተዋል። እኛም የኤሌክትሪክ መስመር እስኪደርስ ድረስ በመብራት እንሞክረው ብለን ተነሳን። ገንዘብ ሰበሰብን፣ የሚያግዘን ለጋሽ አገኘን፣ ፓኔልና ባትሪ ገዝተን በየቤቱ ተከልን። የርክክቡ ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ ፎቶ ተነሣን። አባወራዎቹን ለግማሽ ቀን ሰብስበን አጠቃቀሙን ነገርን። ሴቶቹንና ልጆቹን፣ ማለትም ቤት የሚውሉትንና መብራቱን በእጃቸው የሚነኩትን፣ አልጠራንም። ከዚያ ሪፖርት ጻፍን። በሪፖርቱ ላይ ያቺ ቤት «የሶላር መብራት ተጠቃሚ» ተብላ ተመዝግባለች፤ ዛሬም እንደዚያው ናት።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። በአገራችን የገጠር ሶላር የሚቆጠረው በተከፋፈለው ዕቃ ልክ ነው። ስንት ፓኔል ገባ፣ ስንት አባወራ ተረከበ፣ ስንት ጤና ኬላ ተገጠመለት እንላለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይበራል ብሎ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ግን አላየሁም። ከመስቀሉ በኋላ በዚያው ጎጥ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ዞርኳቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ወደ ኩራዝ ወይም ወደ ባትሪ ድንጋይ ተመልሰዋል።

ሌላም ልንገራችሁ። ከእኛ ቀበሌ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ስሙን የማልጠራው ሌላ ፕሮጀክት ሶላር የገጠመለት ጤና ኬላ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አመሻሽ ላይ ሕፃን ታሞ ሲመጣባት የስልኳን መብራት እያበራች ታክም ነበር፤ አንዳንዴም የሕፃኑ እናት ስልኩን ትይዝላታለች። ሶላሩ «ተበላሽቷል» ተብሎ ደብዳቤ ከተጻፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቴክኒሻናችን ከፍታ ስታየው የተቃጠለው ፊውዝ ነበር። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ቀየረችው፣ በራ። ሠራተኛዋ አለቀሰች። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌሊት ይህንኑ አስባለሁ፦ በየወረዳው እንዲህ ያለ ፊውዝ ስንት ይኖር ይሆን?

ቴክኒሻናችን ያልኳት እዚያው ቀበሌ ተወልዳ ያደገች፣ 10ኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ወጣት ነበረች። ከመጀመሪያው ውድቀታችን በኋላ እሷንና ሌሎች ጥቂት ልጆችን አሠለጠንን። ገመድ ማሰር፣ በቴስተር መለካት፣ የፓኔሉን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ውሃ የሚጠጣ ባትሪ ሲያጋጥማቸው የወንዝ ውሃ ሳይሆን የተጣራውን የባትሪ ውሃ ብቻ መጨመር ተማሩ። ገንዘቡን ደግሞ ለእድር ሰጠነው። በየወሩ ለእድር ከሚከፈለው ጋር ተጠቃሚው ትንሽ ይጨምራል፤ ያ ገንዘብ ለባትሪ መቀየሪያ ይቀመጣል፣ ለልጅቷም የድካሟ ይታሰብበታል። እድር ለምን? እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል። እኛ ብንጠፋ እድር አይጠፋም። በዚህ መንገድ በሠራንባቸው ጎጦች መብራቱ ሲጠፋ በቀናት ውስጥ ይጠገናል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በሰሜን ሸዋ ሬማ መንደር፣ መነሻው ጀርመን የሆነው ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶችን በሶላር ሲያበራ፣ እዚያው መንደሩ ውስጥ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛም ከፍቶ ነበር። ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ የኢነርጂ ሽልማት አግኝቷል። የሬማን ታሪክ ስሰማ የገረመኝ ከፓኔሉ ብዛት ይልቅ የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። ጠጋኙን ከከተማ ከመጠበቅ እዚያው አፈሩት።

መንግሥትም ቢሆን ሁሉን ቤት በምሰሶና በሽቦ አዳርሳለሁ አላለም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ መብራት ለማድረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ እንደ ሶላር ካሉ ከመስመር ውጪ ከሆኑ አማራጮች ነበር ያሰበው። ያ ዓመት ደርሶ አልፏል፤ ዛሬም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ወገናችን በጨለማ ያመሻል። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት መቻሉ የሁላችንም ኩራት ነው። ያቺ ክትፎ ያቀረቡልኝ እናት ሳይቀሩ ቦንድ ገዝተውበታል። ነገር ግን ቤት ከቤት በተራራቀበት ገደላማ አገር መስመሩ እስኪዘረጋ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው ያለው ሶላሩ ነው።

ስለዚህ የምንለምናችሁን ልናገር።

ከሁሉ በፊት የቆጠራው ነገር ነው። እኛንም ሆነ ሌሎች ድርጅቶችን «ስንት ገጠማችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁን፣ በዚያው ወረቀት ላይ «ከገጠማችሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይበራል?» ብላችሁም ጠይቁን። የወረዳው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ ቴስተር ይዞ ጥቂት ቤቶችን ቢያንኳኳ መልሱ ይገኛል። ይህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ቢኖር ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛም የመጀመሪያውን ዙር እንደዚያ አድርገን አንሠራውም ነበር። ለጋሾች ለፓኔል ሲሰጡ እጃቸው አይታጠፍም፤ ለቴክኒሻን ደመወዝና ለባትሪ መቀየሪያ ስንጠይቅ ግን «ይህ የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው» ይላሉ። ከእናንተ ጋር የሚፈረመው የፕሮጀክት ስምምነት ቢያንስ የአምስት ዓመት ጥገና በጀት ካልያዘ አይጸድቅም ቢባል፣ እኛም ለጋሹ ፊት የምናቀርበው ነገር ይኖረናል።

ባትሪውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ፓኔል ከሃያ ዓመት በላይ ይቆያል፤ በገጠር በብዛት የሚገኘው የእርሳስ ባትሪ ግን ቢበዛ አራት አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ ሶላር የገባለት ቤት ሁሉ በፓኔሉ ዕድሜ ውስጥ አራቴም አምስቴም ባትሪ ይቀይራል ማለት ነው። ዛሬ አንድ ገበሬ ባትሪ ለመቀየር መርካቶ ድረስ መላክ አለበት፤ የመጣለት ዕቃ ትክክለኛ ይሁን አስመስሎ የተሠራ፣ የሚያውቅለት የለም። በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለሶላር አስመጪዎችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ብድር ሲመቻች ቆይቷል። ያ በር ለመለዋወጫም ይከፈት፤ እድሮችና የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ባትሪ በጅምላ ገዝተው የሚያስቀምጡበት መንገድ ይኑር። ጥራቱ የተመሰከረለት ዕቃ በየወረዳው ከተማ ቢያንስ አንድ ሱቅ ይገኝ።

የሞተው ባትሪስ? ምድጃ ዳር መቀመጫ የሆነውን ባትሪ አልረሳሁትም። ሆዱ እርሳስና አሲድ ነው። እርሳስ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በየገበያው ቆራሊዮ እየገዛ የሚወስደውም አለ፤ የት እንደሚቀልጥ እግዜር ይወቅ። እኛ ያስገባነውን እኛው መልሰን መሰብሰብ አለብን፤ አዲስ የሚወስድ አሮጌውን ያስረክብ የሚል ሥርዓት ያስፈልገናል። ይህን አንድ ማኅበር ብቻውን አይችለውም።

ልጆቹም አሉ። ያቺ ፊውዝ የቀየረች ልጅ ዛሬ በእጇ ምንም ወረቀት የላትም። ወረዳው ሥራ ሊሰጣት ቢፈልግ እንኳ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) ይጠይቃታል፤ ሲኦሲ ለመውሰድ ደግሞ በመደበኛ ኮሌጅ ተምረሽ ነይ ትባላለች። ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ፣ በተግባር የሠለጠኑ የመንደር ሶላር ጠጋኞች ተፈትነው የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኙበትን መንገድ ብታመቻቹልን፣ ልጅቷ አረብ አገር ለመሄድ የጀመረችውን ፓስፖርት የማውጣት ሩጫ ትተወው ይሆናል። ብትሄድም አልፈርድባትም።

ይህ ሁሉ በእናንተ እጅ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብድሩ የባንክ ነው፣ ቀረጡ የጉምሩክ ነው፣ ሥልጠናው የሌላ ሚኒስቴር ነው። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መጥራት የሚችለው ግን የእናንተ መሥሪያ ቤት ነው።

ሶላር የእናቶቻችንን ጭስ እንደማያስቀርም ሳልናገር አላልፍም። ቆጮው ዛሬም በእንጨት ነው የሚጋገረው። የምድጃው ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ለሚመጣው መስቀል ለዚያች ቤት አዲስ ባትሪ ይዘን እንገባለን። ባሕር ዛፉን ልጁ ሊቆርጠው ተስማምቷል፤ ካልሆነ ፓኔሉን እናዛውረዋለን። ከሚኒስቴሩ አንድ ባለሙያ ብትልኩልን ከልብ ደስ ይለናል። ሪባን አናዘጋጅም። ቴስተር እንሰጠዋለን፣ ከቴክኒሻናችን ጋር ቤት ለቤት ይዞራል፣ የበራውንም የጠፋውንም አብሮን ይጽፋል። ከመስከረም 12 ጀምሮ ሁላችንም አገር ቤት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ አባል፣ ከጉራጌ ዞን

ግልባጭ፦
ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የኢነርጂ ዘርፍ ኃላፊዎች
በገጠር ሶላር ለሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሁሉ