ቨርጂኒያ ሳትጠራ

አባዬ፣

ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። መነጽርህን አድርገህ አንብበው። ያንን አሮጌውን ሳይሆን አዲሱን።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች። ትልቁ ቁመቱ ጆሮዬ ጋ ደርሷል፤ ጫማ አልበረክት ብሎኛል። ያ የትምህርት ቤት ሥራው ደግሞ ተወዶለታል። ባለፈው እሑድ ስለ ፓርቲ ጉባኤ ተወካዮች የጠየቀህን ማለቴ ነው።

ደግሞ እንዴት አድርገህ ነገርከው! በ1831 ባልቲሞር ላይ ፀረ-ሜሶን የሚባለው ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩውን በጉባኤ እንደመረጠ። ከዚያ በፊት ነገሩ ኮንግረስ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ያልቅ እንደነበር። አንዱንም አልሳትክም። ቀጥለህ የምትወደው 1924 መጣ። ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ዲሞክራቶቹ ጆን ዴቪስን እስኪመርጡ 103 ዙር ድምፅ። ከየስቴቱ የመጣው ሰው የሆቴል ገንዘቡ አልቆ ወደ ቤቱ መመለስ እስኪጀምር። በየዙሩ መጀመሪያ የምትጠራው አላባማ ናት፤ በየዙሩ አገረ ገዥዋ ተነስቶ ለራሷ እጩ «አላባማ 24 ድምፅ ለአንደርውድ!» ይላል። ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ ታክሲው ውስጥ እንዲህ ብለህ ስትጮህ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ወንበሩ ሥር እገባ ነበር። ልጄ ግን በሳቅ ሞተ።

የጥቁሮች መብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሄመር ጋ ስትደርስ ድምፅህ ዝቅ አለ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነህ። 1964፣ አትላንቲክ ሲቲ፣ የዲሞክራቶቹ ጉባኤ። ጥቁሩ እንዳይመርጥ የተከለከለበትን ሚሲሲፒን ነጮች ብቻ ሊወክሉት አይችሉም ብለው 68 ሆነው መጡ። ሁለት ወንበር ይበቃችኋል ተባሉ፣ አንቀበልም አሉ። «ሴትዮዋ ጥጥ ለቃሚ ነበረች፤ እኔም ታክሲ ነጂ ነበርኩ» አልከው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማሃለሁ።

ከዚያ ልጁ ስለ ዴንቨር ጠየቀህ፤ አንተ ራስህ የቨርጂኒያ ተወካይ ሆነህ ስለሄድክበት የዲሞክራቶቹ ጉባኤ።

«ቨርጂኒያ ተብሎ ሲጠራ ሁላችንም ብድግ አልን፤ ቁጥራችን በማይክሮፎን ተነገረ» አልከው።

አባዬ፣ ቨርጂኒያ እኮ አልተጠራችም።

ይህንን የነገርከኝ አንተው ነህ፤ መቶ ጊዜ። ነሐሴ 2008 እንደ ፈረንጆቹ፣ ረቡዕ። ስቴቶቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ እየተጠሩ ኒው ሜክሲኮ ላይ ተደረሰ። ኒው ሜክሲኮ ተራዋን ለኢሊኖይ ለቀቀች፣ ኢሊኖይ ለኒውዮርክ። ሂላሪ ክሊንተን ከኒውዮርኮቹ መሃል ሆና ቆጠራው ይቁም፣ ኦባማ በአንድ ድምፅ ይመረጥ አለች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የእናንተ ቪ ገና ከታች ነበር። «ተሰልፌ ተሰልፌ እኔ ጋ ሲደርስ መስኮቱ ተዘጋ» እያልክ ተሳፋሪውን ሁሉ ታስቅበት ነበር።

እኔ ለምን እንደማልረሳው ታውቃለህ? ያ ሳምንት ኮሌጅ የገባሁበት ነው። ሃይዌይ የምትፈራው እማዬ ናት እየነዳች ያደረሰችኝ። ትንሿን ፍሪጅ ሁለታችን ተሸክመን ሦስት ፎቅ ወጣን። የሌሎቹ አባቶች አልጋ ሲገጣጥሙ እማዬ መፍቻ ለመነች። አንተ የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም ከኪስህ ከፍለህ ሄድክ፤ ተወካይ ራሱ ነው የሚከፍለው። ታክሲውም ሳምንቱን ሙሉ ቆመ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ነኝ የተቀየምኩት። ያም ሆኖ ረቡዕ ዕለት ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ አልኩ። ቨርጂኒያ ስትጠራ ፊትህን አያለሁ ብዬ። አባቴ እዚያ ነው ብዬ አውርቻለሁ። ዓርብ ደውለህ ስለ ስታዲየሙ ብቻ ነገርከኝ። አልጋዬ ተገጠመ ወይ አላልክም።

እሺ፣ እሱ ይቅር። ለዚህ አልነበረም መጻፍ የጀመርኩት።

ምናልባት ለልጁ ብለህ አሳምረኸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ንገረኝና አብረን እንሳቅ። አላረምኩህም፣ እሱም እንደነገርከው ጽፎ አስረክቧል። ግን ባለፈው ወር ምድጃው እንደበራ አድሯል። ከዚያ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተህ መኪናህን የት እንዳቆምከው ጠፍቶህ አንድ ሰዓት ዞረሃል። ይህንን ከአንተ አይደለም የሰማሁት። የመቶ ዓመቱን አላባማ እያስታወስክ የራስህን ቨርጂኒያ እንዴት ነው... ተወው። ቃሉን መጻፍ አቃተኝ።

ሐሙስ ሐኪሙ ጋ ስትሄድ እኔ ነኝ የማደርስህ። ውስጥም አብሬህ ልግባ። «አንቺ ውጭ ጠብቂ» አትበለኝ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ፌስታል ውስጥ ክተታቸው፤ የጨረስካቸውንም ብልቃጦች። ከሦስት ሰዓት በፊት እደርሳለሁ። እስከዚያው መኪናውን አታንቀሳቅስ፤ ቁጣህን ሐሙስ በአካል እቀበላለሁ።

የዴንቨሩን ባጅ ደግሞ ልጁ ወስዶታል፣ ለክፍሉ ልጆች ሊያሳይ። እሑድ ዕለት አንተው ነህ አንገቱ ላይ ያሰርክለት። ጠፋ ብለህ መሳቢያውን ሁሉ እንዳትበረብር።

ልጅህ