ወገብ ላይ ለሚውል ሽጉጥ «የድሮ ብረት» አይመረጥም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በለገጣፎ፣ በሰበታና በሱሉልታ አካባቢ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ የሚታጠቁ ሰዎች «የድሮ ብረት አይከዳም» ሲባባሉ ይሰማል። ብረቱስ ጠንካራ ነው። ግን ባጃጅና ሚኒባስ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የሚውል ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ቢወድቅብኝስ?» ብሎ ነው።

የሶቪየቱን ሽጉጥ ቶካሬቭን እንውሰድ። ለውጭ ገበያ ከተሠሩት አንዳንዶቹ በቀር በጣት የሚዞር መጠበቂያ የለውም። ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ጥይት ጎርሶ የወደቀ ቶካሬቭ ምላጩ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ለመፈተሽ ካዝናው ይወጣል፣ ይቀባበላል፣ ማጉረሻው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ መዶሻውን ግማሽ ላይ አቁሞ በአውራ ጣት ወደፊት መግፋት ነው። ከተንሸራተተ ወደ ባለሙያ እንጂ ወደ ወገብ አይመለስም። ባይንሸራተትም አጉርሶ መዞር አይመከርም። የጣሊያኑ ቤሬታ 1934 መጠበቂያ ቢኖረውም የሚቆልፈው ምላጩን ብቻ ነው። ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ማካሮቭ ከሁለቱ ይሻላል፤ መጠበቂያው ወደ ላይ ሲገፋ መዶሻውን አውርዶ ይይዘዋል።

ሌላው ጣጣ ጥይት ነው። «ዘጠኝ» ተብሎ ብቻ አይገዛም፦ የቤሬታ 1934 ጥይት 9×17 (የጥይቱ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት፣ በሚሊ ሜትር ገደማ)፣ የማካሮቭ 9×18፣ የግሎክ 17ና የአብዛኞቹ አዳዲሶች 9×19 ነው። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ9×19 ግን 9.01 ገደማ ነው። ያለቦታው የገባ ጥይት ሲቀል ይነክሳል፣ ሲብስ ሽጉጡን ያበላሻል፣ እጅም ይጎዳል።

ከድሮ ሽጉጥ ጋር ብዙ ጊዜ የድሮ የሶቪየት ጥይት አብሮ ይመጣል። የዚህ ጥይት ማቀጣጠያ ሲነድ ጨው ያስቀራል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ውሃ በሚተኛበት በሱሉልታ ሜዳ ክረምት የአፈሙዙ ውስጥ ለመዛግ ጊዜ አይወስድበትም። በነጭ ጋዝ መወልወል የተለመደ ነው፣ ግን ጋዝም ዘይትም ጨው አያሟሙም። በተተኮሰበት ዕለት ተፈታትቶ በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት ይቀባ። የተትረፈረፈ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ የጠጠር መንገድ ላለበት ሰፈር ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

በኛ እምነት በየቀኑ ለሚታጠቅ ሰው አዲሱ ይሻላል። ግሎክ 17 ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚያግዱ ሦስት መጠበቂያዎች በራሱ ውስጥ አሉት። ነገር ግን በጣት የሚቆለፍ ነገር ስለሌለው ማህደሩ ነው ወሳኙ። ለስላሳ የጨርቅ ማህደር ሲጣጠፍ፣ ወይም የጃኬት ገመድ ከምላጩ ጋር ሲጠላለፍ፣ ሽጉጡ ሲከተት ሊተኩስ ይችላል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ደረቅ ማህደር ይገዛ፤ ሲከተትም ቀስ ተብሎ፣ እየታየ ይሁን።

ከአባት የተወረሰውን ቤሬታ ሽጡት አንልም። ጥይቱ ወጥቶ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ጥይቱ ለብቻው፣ ቁልፉም ልጆች በማይደርሱበት።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያዎች
ከሱሉልታ