የፊልምና ትወና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከሩት ነጋ ሥራዎች የተማርነው

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የሠራው በአንዲት ተዋናይት ላይ ነው። በየሳምንቱ ሌላ ሌላ ፊልም አይቶ መወያየት ደስ ይላል፤ ለትወና ግን ብዙ አያተርፍም። ተማሪው ታሪኩን ይዞ ይወጣል እንጂ ተዋናዩ ምን እንደሠራ ልብ አይልም። ያው አንድ ፊት በተለያዩ ሥራዎች ሲደጋገም ግን ታሪኩ ፈቀቅ ይልና የአንገት አያያዙ፣ የድምፁ መጠን፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ መታየት ይጀምራል። ሁለገብ ተዋናይ ሲባል አባላቱ በመስከረም የሚያስቡት ልብስ፣ ሜካፕና ፀጉር የሚቀያይር ሰው ነበር። የዓመቱ ሥራችን ይህን ግምት ማፍረስ ነበር ማለት ይቻላል።

የመረጥናት ሩት ነጋን ነው። አዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወልዳ፣ በልጅነቷ ወደ አየርላንድ ሄዳ ሊመሪክ ውስጥ አደገች። ትወና የተማረችው ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራችውን ስንደረድር (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው) በ2011 በቢቢሲ የቴሌቪዥን ፊልም ዘፋኟን ሽርሊ ባሲን ሆና ተጫውታለች፤ በተከታታይ ድራማ ከ2013 እስከ 2015 በ‹ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ› ሬይና፣ ከ2016 እስከ 2019 በ‹ፕሪቸር› ቱሊፕ፣ በፊልም ደግሞ በ2016 በ‹ላቪንግ› ሚልድረድ፣ በ2021 በ‹ፓሲንግ› ክሌር ሆናለች። በመካከሉ በ2018 ደብሊን በጌት ቲያትር ሐምሌትን ራሱን፣ በ2022 ብሮድዌይ ላይ ሌዲ ማክቤዝን ተጫውታለች። መድረክ፣ ሲኒማና ተከታታይ ድራማ በአንድ ሰው ውስጥ ስለተገናኙ ለማነጻጸር የምትመች ናት።

የመጀመሪያውን መንፈቅ የወሰደው ጄፍ ኒኮልስ ያዘጋጀው ‹ላቪንግ› ነው። ሩት ለምርጥ ዋና ተዋናይት የኦስካር እጩ የሆነችው በዚህ ሥራ ነው። ሚልድረድ ላቪንግ በእውን የኖረች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ከነጩ ሪቻርድ ጋር ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ፤ ቨርጂኒያ ሲመለሱ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ በሚከለክለው ሕግ ከመኝታቸው ተቀስቅሰው ታሰሩ፤ ከግዛቲቱ ወጥተው እንዲኖሩም ተደረገ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን የሻረው በ1967 ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የተሰጠው ተዋናይ መጮህና ማልቀስ ይቀናዋል። ሩት ግን ድምፅዋን ዝቅ፣ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ አብዛኛውን በዝምታ ትሠራዋለች።

ደጋግመን ያየነው የፊልሙን መክፈቻ ነው። ሌሊት ነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ነው። ማርገዟን ትነግረዋለች። ሪቻርድ ወዲያው አይመልስም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሩት አታለቅስም፣ አትሽኮረመምም፤ መልሱን ትጠብቃለች። ፍርሃቱም ተስፋውም ከመጠበቋ ውስጥ ይወጣል። ‹ጥሩ ነው› ሲላት ፊቷ የሚፈታው ከልቧ ስትጠብቅ ስለቆየች ነው። ድምፁን ዘግተን ስናየው ሁሉም ነገር ይገባል።

ይህን ወደ ልምምድ ለመለወጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ትዕይንት ጻፍን። እናት ቡና እየቀዳች ነው፤ ጦይባ ወንድሟን ‹አያ ሙሄ፣ ቪዛው መጣልኝ› ትለዋለች፤ ሙሄ ዝም ይልና ‹ደግ› ይላታል። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የላከ ቤት ብዙ ስለሆነ የትዕይንቷ ክብደት ለማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ላይ የተሞከረው ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ነበረበት፤ ጦይባን የምትጫወተው ገና ተናግራ ሳትጨርስ አንገቷን ትደፋለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውጤቱን አስቀድማ ታውቀዋለች። መፍትሔው ለሙሄ ብቻ በጆሮው መንገር ነው። አንዳንዴ ሦስት ቆጥሮ፣ አንዳንዴ አሥር ቆጥሮ እንዲመልስ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እንዳይመልስ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ ፊቷ ሳትፈልግ መጠበቅ ይጀምራል። በዓመቱ ከሠራናቸው ልምምዶች ሁሉ ይህን የሚያህል ውጤት ያመጣ የለም።

ሌላው የ‹ላቪንግ› ትምህርት ከፎቶግራፍ ተነሥቶ ገጸ ባህሪ መገንባት ነው። የላይፍ መጽሔቱ ፎቶግራፍ አንሺ ግሬይ ቪሌት እ.ኤ.አ. በ1965 ባልና ሚስቱን ቤታቸው አንሥቷቸዋል፤ ሪቻርድ ጭንቅላቱን ሚስቱ ጭን ላይ አድርጎ ቴሌቪዥን ሲያይ የሚታይበት ፎቶ በፊልሙም ተቀርጿል። አባላት ከቤተሰብ አልበም አንድ አንድ ፎቶ አምጥተው በዚያው አቀማመጥ ተቀመጡ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሰውነት ክብደት ያረፈበት ጎን፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ አገጭ፣ ፊት በመጨረሻ። ከፊት የጀመረ ሁሉ የሚያወጣው ማስመሰል ብቻ ነው። አቀማመጡ ሲስተካከል አንድ ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ።

ሁለተኛውን መንፈቅ በካሜራ ጀመርን፤ ካሜራችን ስልክ ነው። ቅንብሩን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ማድረግ ያስፈልጋል፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ሲቀረጽ በተለይ የሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ባለበት ክፍል ምስሉ ይርገበገባል። ስልኩ በረራ ሁነታ ላይ ይሁን፤ ሌንሱ በጥጥ ይጠረግ። በጣት እየሳቡ ማቅረብ ክልክል ነው፤ ምስሉ ይሻክራል። ነገር ግን ስልኩን ፊት ላይ መለጠፍም አፍንጫን ያሳብጣል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ነጠላ ነው። ስልኩ ነጩን አይቶ ምስሉን ሁሉ ስለሚያጨልም የተዋናይቷ ፊት ጥላ ይሆናል። ጣትን ፊቷ ላይ አሳርፎ ብርሃኑን መቆለፍ፣ ነጠላውንም ወደ ትከሻ ማውረድ ይበቃል። በመስኮት ብርሃን ስንቀርጽ በተቃራኒው ጎን አንድ ሜትር ርቀት ላይ አቡጀዲ የያዘ ልጅ ይቆማል፤ የፊቷ ጨለማ ጎን ዓይኑ ይገለጣል።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሁለተኛ ስልክ መቅጃ ተደርጎ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ልብስ ውስጥ ይደበቃል፤ ጨርቁ እንዳይፈትገው በፕላስተር ይያዝ። ቀረጻ ሲጀመር አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ሁለቱን ፋይሎች በኤዲቲንግ ለማገናኘት ይረዳል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምንም መላ የለውም፤ ቀረጻው ከመጋቢት በፊት ማለቅ አለበት። የጦሳ ተራራ ነፋስ ግን በር በመዝጋት ይታለፋል። መድረክ የለመዱ ልጆች ለመጨረሻው ረድፍ ይናገራሉ፤ ዝቅ በሉ ሲባሉ ደግሞ ያንሾካሹካሉ። ሹክሹክታ ፊደሉን ይበላዋል። ትክክለኛው መጠን ማዶ ለተቀመጠው ሰው ብቻ መናገር ነው፤ ስለዚህ የሚናገሩለት ሰው ባይቀረጽም ከካሜራው ጎን፣ በዓይን ከፍታ ይቀመጣል። ተዋናይቷ ለሌንሱ የሚቀርበውን አንዱን ዓይኑን ታያለች። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ስትዘዋወር ክሎዝ አፕ (ፊት ብቻ የሚታይበት ቅርብ ምስል) ላይ የምትቅበዘበዝ ትመስላለች።

ከተከታታይ ድራማዎቹ የወሰድነው ሁለት ነገር ነው። በ‹ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ› ሬይና በሁለተኛው ምዕራፍ መልኳ ይለወጥና ፊቷ እሾህ በሚመስል ሜካፕ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ሩት የቀራት ዓይኗና ድምፅዋ ነው። እኛም ፊታችንን በሻሽ ሸፍነን ዓይን ብቻ አስቀርተን ያችኑ የቪዛ ትዕይንት ሠራን፤ ቅንድብ የሚያበዛ ወዲያው ተጋለጠ። ‹ፕሪቸር› ግን ደም የሚበዛበት የአዋቂ ድራማ ስለሆነ ለክበቡ አላሳየነውም፤ የሥራውን ስፋት ብቻ ተወያየንበት። አራት ምዕራፍ፣ 43 ክፍል ነው። ቱሊፕ ደፋር፣ ተናጋሪ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ሩት እሷንና ዝምተኛዋን ሚልድረድን በአንድ ዓመት ውስጥ ለተመልካች ማቅረቧ በእኔ እምነት ስለ ሁለገብነት ከሚነገረው ሁሉ ይበልጣል። ያን ያህል ክፍል አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ መዝለቅ የማስታወስ ሥራም ነው። ለዚህም የቅጥልጥል መቆጣጠሪያ ቅጽ፣ ማለትም ዕቃውና እንቅስቃሴው ከቀረጻ ቀረጻ እንዳይለያይ የሚመዘገብበት ወረቀት አዘጋጀን፦ ስኒው በየትኛው እጅ፣ ቡናው እስከ የት፣ ነጠላው በየትኛው ትከሻ፣ ስኒውን ያነሣችው በየትኛው ቃል ላይ። ቡና ያለበት ትዕይንት ከባድ ነው፤ በዋይድ ሾት (ከሩቅ በሚነሣ ሰፊ ምስል) ሙሉ የነበረ ስኒ በክሎዝ አፕ ጎዶሎ ይሆናል፤ እንፋሎቱም ይጠፋል። ስለዚህ ስኒው ሁልጊዜ እስከ ግማሽ ብቻ ይቀዳ፤ ትዕይንቱ እንደገና በተቀረጸ ቁጥርም እዚያው ድረስ ይሞላ።

‹ፓሲንግ› ሬቤካ ሆል ኔላ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ካሳተመችው ልቦለድ የሠራችው ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ክሌር ነጭ መስላ የምትኖር ጥቁር ሴት ናት። ምስሉ በ4 ለ3 (ወርድ ለቁመት) መጠን ስለተሠራ ፊት ፍሬሙን ይሞላዋል፤ መሸሻ የለም። ልምምዱ ቀላል ነው። በጎን በተያዘው ስልክ ላይ የባለ 16 ለ9 ምስሉን ወርድ ስምንት እጅ አድርጎ ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እጅ በወረቀት መሸፈን። ስፋቱ ሲቀንስ የእጅ እንቅስቃሴ ከፍሬም ይወጣል፤ ተዋናይቷ እጇን ወደ ደረቷ ካላቀረበች ሥራዋ አይታይም። ክሌር ስትስቅና ትኩር ብላ ስታይ ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም፤ አፏ ሲስቅ ዓይኗ ይመረምራል። ይህን ለመኮረጅ የሞከሩ አባላት ብዙ ናቸው፤ የተሳካላቸው ጥቂት። አስቸጋሪነቱን ማወቃቸውም ትርፍ ነው።

ከአገራችን ያነጻጸርነው ሜሮን ጌትነት እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ‹ድፍረት› ፊልም ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን የተጫወተችበትን ነው። ሚልድረድም መዓዛም ከእውነተኛ ሕይወት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ታሪኮች የሚያልፉት በፍርድ ቤት ነው። አንዷ ለራሷ ጉዳይ ዝም ትላለች፣ አንዷ ስለ ሌላ ሰው ትናገራለች። በዚህ ላይ የ11ኛ ክፍል አባላት ያደረጉት ክርክር የዓመቱ ምርጥ ውይይት ነበር፤ ጊዜ ማነሱ ያሳዝናል።

የቪዛዋ ትዕይንት አድጋ አጭር ፊልም ሆናለች፤ በወላጆች ቀን በአዳራሹ ታይታለች። ድምፁ በሁለት ቦታ ላይ ይዋዥቃል፤ ትወናው ግን በእግሩ ቆሟል። ቅጹ፣ አቡጀዲውና የትዕይንቶቹ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ በክበቡ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። በ2018 ዓ.ም. ያንኑ ቤተሰብ ይዘን በሦስት ክፍል ድራማ ለመሥራት አስበናል፤ በሁለተኛው ክፍል ጦይባ ሄዳ ስለማትኖር የእናትየዋ ድርሻ ይሰፋል። እናትን መጫወት የሚፈልጉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች በመስከረም ሲመዘገቡ አንድ የቤተሰብ ፎቶ ይዘው ይምጡ።