ባሕር ዳር ላለው ወዳጄ፦ ከእንጦጦ ጀርባ ስላለው ፒስታ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ክረምቱ እንዴት ወጣልህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ «አለህ?»፣ «አለሁ»፣ «እንደዋወል» ተባብለን እንዘጋለን። ከዚያ እሱም ቀረና ዝም ተባባልን። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጥርም። የምነግርህ ነገር ተጠራቀመብኝ፤ በስልክ ደግሞ አያልቅም።

ወሬው የሳይክል ነው። ከእኔ ሌላ ምን ትጠብቃለህ?

ያኔ ከሽሮ ሜዳ በአስፋልቱ እየተንፏቀቅን እንጦጦ ማርያም እንደርስና ሻይ ጠጥተን፣ ፍሬን እያቃጠልን እንመለስ ነበር። ወጣን፣ ወረድን፣ አለቀ። ተራራው እዚያ ላይ የሚያበቃ ይመስለን ነበር እኮ። የሚጀምረው እዚያ ነው። አሁን ግራቭል የሚሉትን ሳይክል ይዣለሁ። መሪው እንደ ውድድር ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማው ግን ሰፊ ነው፣ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ። አስፋልት ላይ አይጎተትም፤ ፒስታ ላይ ደግሞ አይፈራም። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ልክክ ያለ ነገር ነው። ከከተማው ለመውጣት አስፋልት መብላትህ አይቀርም፤ ከወጣህ በኋላ ግን ጠጠር፣ ገረጋንቲና የከብት መንገድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ልንገርህ። እዚህ አገር መንገድ የሚመረጠው በካርታ ሳይሆን በውሃ ነው። እንጦጦ ተረተር ላይ በደቡብ በኩል የሚዘንበው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ከተማውን ሰንጥቆ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ከአቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የሚዘንበው ወደ ሱሉልታ ይወርድና በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ዓባይን የሚያገኘው አንተን አልፎ፣ ከጢስ ዓባይም ወርዶ፣ ታች በረሃው ውስጥ ነው። ሁለቱን አገር የሚለየው አንዳንድ ቦታ የጋሪ መንገድ የሚያህል ጀርባ ነው።

ይህን የምልህ ጂኦግራፊ ላስተምርህ አይደለም። ጀርባውን ከያዝክ ወንዝ አትሻገርም። ገደል አትወርድም፤ ስለዚህ ገደል አትወጣም። ከተረተሩ ዝቅ ብለህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እሄዳለሁ ካልክ ግን የእንጦጦን ምንጮች አንድ በአንድ ትቆጥራለህ። ካርታው ላይ ሁለት ጣት የማትሞላ መንገድ ግማሽ ቀን ትበላለች። ሌላ አገር ያሉ ሳይክለኞች የወንዝ ዳር መንገድ ሲፈልጉ እሰማለሁ። እኛ ጋ ወንዙን ከላይ ማየት ይሻላል።

መውጣቱ ያው ነው፤ ሽሮ ሜዳ አልተለወጠም። ጎህ ሲቀድ ጀምር፤ አለዚያ የአሮጌ መኪና ጭስ ሳንባህን ይጨርሰዋል። ጎህ ሳይቀድ ግን አትሂድ ታዲያ፤ ጅቡ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን ማርያምን ተሳልመህ ታልፋለህ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ የተራራውን ትልቅ ክፍል ይዟል። ለቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ልጆቹን ይዘህ ስትመጣ እዚያ እንወስዳቸዋለን። እኔና አንተ ግን ከፓርኩ ውጭ ነው የምንጋልበው። የኮከብ መመልከቻው ያለበት ከፍታ ወደ 3,200 ሜትር ነው። ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ስደርስ እንደማለከልክ እዚያ ያሉት ዘበኞች ሳይታዘቡኝ አይቀሩም።

ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚሄደው ፒስታ ጸጉር ያቆማል። ከሥሩ ብዙ ነገር ስለማይበቅል መሬቱ ራቁቱን ነው። ደረቅና ጠጠራማ ስለሆነ ጎማ ይሮጥበታል። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። የተላጠው ቅርፊት ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል። ሌላው ጉቶ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ይቀራል፤ በሳር ተሸፍኖ ልክ በማርሽህ ቁመት ይጠብቅሃል። ከመንገዱ ወጥተህ ሳር ውስጥ አትግባ።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ደግሞ አደራ። ሸክሙ ወገባቸውን አጉብጦታል፤ ዞር ብለው ሊያዩህ አይችሉም። ደወል አታንቃጭልባቸው። ከሳይክልህ ውረድና ዳር ቁም፣ ይለፉ። በስፖርት ልብስ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ለእንጀራው ወደ ታች ከሚወርድ ሰው መንገድ ሲቀማ አይቻለሁ፤ ደስ አይልም።

ከጀርባው ወደ ሰሜን ስትወርድ ሱሉልታ ነው፤ ያው ወደ አንተ የሚመጣው የጎጃም መንገድ የሚያልፍበት። ሜዳው አሁን አረንጓዴ ነው፤ አደዩም ገና አልረገፈም። ትንሽ ቆይቶ ሳሩ ይታጨድና የድርቆሽ ክምር ይሞላዋል። ፈረሰኛው ብዙ ነው። ሯጮችም አሉ፤ ዳገት ላይ ቀድመውህ ሲያልፉ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ይህች አገር ለሳይክል ፊት ነስታለች ብዬ የማማርረው በከንቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያው ክረምት አልማዝ አያና ሪዮ ላይ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረች። ሰፈር ውስጥ ስለ ማን እንደተወራ አንተም ታውቃለህ። አልፈርድም፤ እኔም ስለ አልማዝ ነበር የማወራው።

የሱሉልታ ችግር ኮትቻው ነው። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ከጠጣ እንደ ሊጥ ጎማው ላይ ይጠቀለላል። ሹካው ውስጥ ይሞላና ሳይክሉ ቀጥ ይላል። ተሸክመኸው ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ዘንቦ ካደረ ጠጠር ወይም ገረጋንቲ የፈሰሰበትን መንገድ ብቻ ያዝ። ሜዳውን ለማቋረጥ ኅዳርን ጠብቅ፤ ጠዋት ውርጭ ስላለ ጓንት አትርሳ።

የገበሬ ውሻ ሲመጣብህ ለማምለጥ አትሞክር። የሚያሳብደው የሚሽከረከረው ጎማ ነው። ውረድ፣ ሳይክሉን በአንተና በውሻው መሀል አድርግ፣ በእግርህ ሂድ። ይተውሃል። ሽማግሌ ስታይ «አካም ጅርቱ» ማለት አትርሳ። መንገድ የሚያሳዩህ፣ የትኛው ድልድይ በክረምቱ እንደተወሰደ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ሰላሙንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ዛሬ ወደዚያ አትሂዱ» ካሉን እንመለሳለን፤ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ላሳይህ የምፈልገው ሱባን ነው፤ የመናገሻ ሱባን ጫካ። በሰበታ በኩል ያለው አስፋልት የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ አንጋልበውም፤ ሳይክሎቹን ፒካፕ ላይ ጭነን ሰበታን እናልፋለን። ከዚያ ፒስታው ወደ ላይ ይዞህ ይሄዳል። ወጨጫ ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው፤ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ጫካው ጎኑ ላይ ተጠቅልሏል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። እንጦጦ ላይ የምናየው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣ የአውስትራሊያ እንግዳ ነው። የሱባው ጽድ ግን የአገሩ ባለቤት ነው። ልዩነቱን በዓይንህ ከማየትህ በፊት በጎማህ ታውቀዋለህ። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ በስብሶ አፈር ሆኗል፤ ሥሩ መንገዱን አቋርጦ ይተኛል። ፍጥነት የለም። ማንም አይቸኩልም እዚያ።

ታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። ከፍ ስትል ኮሶው ይበዛል። ከዚያ ዛፉ እያጠረ አስታ ብቻ ይቀራል። ጉሬዛዎቹ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ከላይ ያዩሃል። የምኒልክ ድኩላ አንዳንዴ መንገዱ መሀል ቆማ ታገኛታለህ፤ ሳይክል ድምፅ ስለሌለው ከመኪና ይልቅ ቀርበህ ታያታለህ። በር ላይ የመግቢያ ትከፍላለህ፤ ከዘበኞቹ ጋር ተግባባ፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ጠይቅ። ሙሉ ቀን ስጠው። እኔ ከእንጦጦም ከሱሉልታም ሱባን አስቀድማለሁ።

ወደ አቃቂ ወርደን የአባ ሳሙኤልን ግድብ እንይ ካልከኝ እምቢ አልልም፤ ግን አትጓጓ። የከተማው እጣቢ ሁሉ የሚወርደው ወደዚያ ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበልሃል። ጣና ላይ ያስመረራችሁ እምቦጭ እዚያም አለ።

ስለ ዕቃ ትንሽ ልበልህ። ማርሹ ላይ አትሰስት። የኋላው ትልቁ ጥርስ ከፊተኛው ካነሰ ዳገቱ ላይ ትገፋዋለህ። ጎማውን ድርቅ አድርገህ አትንፋ፤ በአየር መለኪያው 35 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ለአንተ ክብደት ይበቃል፣ ካልወፈርክ ማለቴ ነው። እኔ ካላማዳሪ ትቼ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ነው የምጠቀመው። ፈሳሹ ግን ይደርቃል፣ እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ የሰፈሩ ጎሚስታም ሲያየው ይስቃል። ስለዚህ ትርፍ ካላማዳሪ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ስንቅ በሶ ነው። ያንን በፕላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ተወው፤ በሶ በውሃ በጥብጠህ ከጠጣህ እስከ ማታ ትሄዳለህ።

ሳንባህ ግን ያሳስበኛል። አንተ 1,800 ሜትር ላይ፣ ያውም ሜዳ ላይ ነው የምትነዳው። እንጦጦ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሲሶ ያህል ያንሳል። በመጣህ ማግስት ዳገት አላወጣህም። መጀመሪያ ቤት ትቀመጣለህ፣ ቡና ትጠጣለህ፣ ወሬህን ታወራለህ። የቀረብንም እሱ ነው።

ሳይክልህን በአውሮፕላን ለመጫን አትድከም። የጎረቤቴ ልጅ አንድ ግራቭል አለው፤ ቁመቱ ከአንተ ጋር እኩል ነው፤ አስፈቅጃለሁ። ፔዳልህንና ጫማህን ብቻ ይዘህ ና። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ የፈለግከውን ሳምንት ምረጥ። ፒካፑን ቀድሜ መያዝ ስላለብኝ ቀኑን ቁረጥና ጻፍልኝ፤ መደወልም ትችላለህ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ