መብራት እንደመጣ ፍሪጅ ስኩ የሚለው ምክራችሁ ሞተር ያቃጥላል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የከተማ ነዋሪን ቀን በቀን ስለሚያማርሩ ጥቃቅን ነገሮች ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ጅማ ያልተቀባበለው የለም። የዝርዝር ብር እጦቱ፣ የሊፍቱ መቆም፣ የጎረቤት ሙዚቃ፣ የወረፋው መዛባት፣ ሁሉም እውነት ነው፤ በዚህ የሚከራከራችሁ የለም። ስለ መብራት የጻፋችኋቸው ሁለት አንቀጾች ግን ዝም ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። አንዱ ስህተት ነው፣ ሌላው ንቀት።

ስህተቱን ላስቀድም። ዘጋቢያችሁ መብራት ሲጠፋ ዕቃ እንደሚቃጠል ከተናገረ በኋላ፣ ምግብ እንዳይበላሽ መብራት እንደመጣ ፍሪጁን ቶሎ ሰክቶ ማስነሳት ይገባል ሲል መክሯል። ይህን አንብቦ እንደተባለው ያደረገ ሰው ሞተሩ ቢቃጠል ማን ሊክስለው ነው? ከመታተሙ በፊት አንድ የፍሪጅ ጠጋኝ በስልክ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ ነበር?

መጥፋቱ ዕቃ አያቃጥልም። ጉዳቱ ያለው አመጣጡ ላይ ነው። የፍሪጅ ሞተር ጋዙን በአንድ በኩል ይስባል፣ በሌላው በኩል ጨምቆ ይገፋል። እየሠራ ሳለ መብራት ድርግም ሲል፣ በመግፊያው በኩል ያለው ግፊት ከፍ እንዳለ፣ በመሳቢያው በኩል ያለው ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ሁለቱ የሚተካከሉት ጋዙ የውስጥ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ቀስ እያለ ሲያልፍ ነው። ለዚህ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ሞተሩን ማስነሳት በጀንፈል፣ ማለትም ገና ባልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ የተሞላ ጆንያ ጀርባው ላይ የተጫነበትን ሰው ከተቀመጠበት ተነስ እንደ ማለት ነው። ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፤ ቆሞ ግን ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ያም ሁሉ ሙቀት ሆኖ ኮይሉ፣ ማለትም የሞተሩ የሽቦ ጥቅል፣ ላይ ያርፋል። ከፍሪጁ ጀርባ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። ኦቨርሎዱ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ከረንቱን የሚያቋርጠው መከላከያ፣ ቆረጠ ማለት ነው። ትንሽ ሲበርድ መልሶ ያገናኛል፣ ሞተሩ አሁንም አልነሳ ይላል፣ እንደገና ቀጭ። ኦቨርሎዱ ካረጀ ወይም በማይመጥን ከተተካ በጊዜው አይቆርጥም፤ የሽቦው ቫርኒሽ ይነዳል፣ ሞተሩም አበቃለት።

በዚህ ላይ በጅማ መብራት ሲመጣ ሙሉ ሆኖ አይመጣም። ብዙ ጊዜ መጣ ብሎ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል፤ በመካከሉ 160 እና 170 ቮልት ላይ ይንቀጠቀጣል። ሞተር ለመነሳት ያለው ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል እየቀነሰ የሚሄድ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የሚቀንሰው ግን በቮልቱ ካሬ ነው። በ220 ቮልት ሙሉ ጉልበት ያለው ሞተር በ160 ቮልት የሚቀረው ግማሹን ትንሽ ያለፈ፣ ወደ 53 በመቶ ብቻ ነው። ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ጉልበቱም በግማሽ የወረደ ሞተር እንዲነሳ ነው የመከራችሁት።

ምግቡስ? በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ድረስ ይቆያል። 5 ደቂቃ በመጠበቅ የሚበላሽ ሥጋም ወተትም የለም።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው፤ አትሙት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። አንድ መብራት ብቻ ማብሪያውን ክፍት ተዉ፤ እሱም የድሮው ባለ ክር አምፖል ይሁን። ኤልኢዲ ቮልቱ ቢወርድም አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑን ሳይለውጥ ስለሚቀጥል ያታልላል፤ ባለ ክሩ ግን ሲቀላና ሲፈዝ በዓይን ይታያል። ከዚህ የሚሻለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የቮልት ማሳያ ነው። መብራት ሲመጣ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ በ200 እና በ240 መካከል ረግቶ ከቆመ ስኩ። ከ190 በታች ከሆነ ፍሪጅ አይነሳ፤ ከ245 በላይ ከሆነ ምንም ነገር አይሰካ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የእናንተ አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ የጎረቤት ከፈዘዘ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ የሰፈሩ መስመር ኒውትራሉ፣ ማለትም ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ፣ ተበጥሷል ወይም ላልቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ 220 ቮልት ሊደርሰው የሚገባ ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርሰው ይችላል። አይጠበቅም፣ አይታሰብም፤ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ዝጉ፣ ለጎረቤትም ጩኹ፣ መስመሩን የሚሠሩትን ጥሩ። በክረምት ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ በወደቀ ቁጥር ይህ አደጋ አለ፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዘገባው ለሁሉም ዕቃ ስታብላይዘር ግዙ ብሎ ማለፉም ልክ አይደለም። ለፍሪጅ 500 ቮልት አምፔር የሚል የተጻፈበት ስታብላይዘር ሞተሩ ሲነሳ ይደክማል፤ ቢያንስ 1000፣ ለትልቅ ፍሪዘር 2000 ይሁን። ሲገዛም መብራት ከመጣ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መሆኑ ይጠየቅ። ማዘግያ የሌለው ስታብላይዘር ከላይ ያልኩትን ስህተት ራሱ በየቀኑ ይሠራዋል። ምጣድን ደግሞ በምንም ዓይነት እዚያ ላይ አትሰኩ። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ስታብላይዘሩን ያቃጥላል፣ ዲቫይደሩንም ያቀልጣል። ምጣድ ከብሬከር የሚነሳ የራሱ መስመር ይፈልጋል፣ ሽቦውም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። የሶኬቱ ፕላስቲክ ወደ ቡናማነት ከተለወጠ ወይም ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ የውስጡ ብሎን ላልቷል፤ ብሬከር ተዘግቶ ብሎኑ ይጥበቅ እንጂ ሌላ ዲቫይደር አይገዛ።

አሁን ወደ ንቀቱ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ነዋሪ የመብራቱን ነገር ስለለመደው እንደ ምሬት አይቆጥረውም ብላችኋል። ማንን ጠይቃችሁ? ጅማ መጥታችሁ በረመዳን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንድ ቤት ገብታችሁ ብታዩ ይህን አትጽፉም ነበር። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ለአፍጥር ምድጃውንና ምጣዱን ያበራል። በጾም ዋዜማና በበዓል ዋዜማም እንዲሁ ነው። ሰፈሩን የሚያበራው ትራንስፎርመር 200 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ለምጣድ ሲሰላ 200 ኪሎ ዋት፣ ነው እንበል፤ 57 ባለ 3500 ዋት ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር፣ ሞላ። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት 180 ቮልት ቢደርሰው፣ 3500 ዋት የተባለው ምጣድ የሚሰጠው ወደ 2340 ዋት ብቻ ነው። ምጣዱ በሚገባው ልክ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ አክንባሎው ሳይነሳ ይቆያል፣ ጠርዙ ይደርቃል። ሊጡ ግን ያው ሊጥ ነው፤ ጋጋሪዋም ያችው ጋጋሪ ናት፤ ወቀሳው የሚደርሰው ለእሷ ነው። ይህን የለመደ ሰው አላየንም። የሚናደድ እንጂ።

የቡና መፈልፈያና የወፍጮ ቤት ባለቤቶችስ? ከኅዳር ጀምሮ ጀንፈሉ ሲገባ የሦስት ፌዝ ሞተሮች፣ ማለትም በሦስት የኃይል ሽቦ የሚሠሩት፣ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩ በሁለቱ እየጎረበጠ መዞሩን ይቀጥላል፤ የሚቆርጥለት መከላከያ ካልተገጠመለት ጥቂት ቆይቶ ይቃጠላል። ያን ሞተር መልሶ ማስጠቅለል ገንዘቡም ቀኑም ብዙ ነው፤ ገበሬውም ቡናውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። ይህ ለእናንተ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ የዓመቱ ገቢ ነው።

ለነገሩ ጅማ ከኃይል የራቀች አገር አይደለችም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው ጊልገል ጊቤ በዞናችን ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃ በዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት ያለውን ሁለተኛውን ጊቤ ያንቀሳቅሳል። መሬቱን ለግድቡ ሐይቅ የለቀቀው ገበሬ የዚህ አካባቢ ሰው ነው። ችግሩ ከምንጩ ሳይሆን ከመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ነው፦ ካልሰፋው ትራንስፎርመር፣ ከሳሳው ሽቦ፣ በእጅ ተጠምዝዞ ከተያያዘው አሉሚኒየምና መዳብ። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር እንዲሁ ሲጠመዘዝ ይዝጋል፣ ይሞቃል፣ ይላላል፤ ለዚያ የተሠራ ማገናኛ አለ። ጋዜጠኛ ሊጠይቀውና ሊያጣራው የሚገባው ይህ ነበር። እናንተ ግን ለምደውታል ብላችሁ አለፋችሁት።

ስለዚህ ማስተካከያ እንጠይቃለን፤ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን። መብራት ከመጣ በኋላ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ፍሪጅ እንዳይሰካ በግልጽ ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ውጭ ስላለው ነዋሪ የተጻፈው ዐረፍተ ነገርም ይሰረዝ። ክረምቱ ሳይገባ ይሁን፤ ክረምት ሲገባ ሞተሮቹ ወደ ጥገና ሱቆች መምጣት ይጀምራሉ።

የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጠጋኝ፣
ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ